ፒካፓችን ስንት ትችላለች? በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር



አጀንዳው ላይ «የተሽከርካሪ ወጪ ማብራሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ሲሰማ እንቅልፍ ያመጣል፤ እኛ የሒሳብ ክፍሎችም ስንጽፈው ያንኑ ብለናል። ይሁን እንጂ ከዚህ ርእስ ሥር ያለው ጉዳይ ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ቆመን ያቀረብንላችሁ ዕቅድ ስሕተት እንደነበረበት ነው። ስሕተቱ የሾፌሩ ወይም የመካኒኩ አይደለም፣ የእኛ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከማደል በፊት በቃል መናገር ይገባናል አልን።

እንደምታውቁት ፒካፓችን ያገለገለች ሒሉክስ ናት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው የአባላትን እህል ከቀበሌ ወደ መካነ ሰላም፣ አልፎ አልፎም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ማድረስ ነው። ሁለተኛው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለ ሁለት ጎማዋን የመውቂያ ማሽን ከኋላ አስራ ከዐውድማ ዐውድማ መጎተት ነው። ሁለተኛው ለምን እንደሚበልጥብን ለአባላት መንገር አያሻም፣ ለደጋፊዎቻችን ግን እንበለው። በእኛ አገር እማወራ የሆነች ሴት ጤፏን አሳጭዳ ከከመረች በኋላ የሰው በሬ ትጠብቃለች። ባለበሬው መጀመሪያ የራሱን ያበራያል፣ ቀጥሎ የወንድሙን፣ ከዚያ የአበልጁን። የእሷ ክምር መጨረሻ ላይ ይቀራል። እስከዚያው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከመጣ፣ ምስጥ ከገባ፣ ከብት ከደረሰበት ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ማሽኗ አንድ ቀን ቀደም ብላ መድረሷ የስንት ቤት ነገር እንደሆነ ክምሩ የበሰበሰባቸው እናቶቻችን ያውቁታል።

ወደ መኪናዋ እንመለስ። ያለፈው ዓመት ጉዞ እንዲህ ነበር፤ ማሽኗ ከኋላ ትታሰራለች፣ ካሳው ላይ 8 ኩንታል ይጫናል፣ አራት ሴቶችና ሾፌሩ ይሳፈራሉ። መኪናዋ ከኋላ ቁጭ ትላለች፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ያያል። ማታ ስንመጣ መብራቷ ዛፍ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ይሰድበናል። እኛ ሳቅንበት። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ፣ ጠጠር ባለበት ኩርባ ላይ፣ ሾፌራችን መሪውን አዞረ፣ መኪናዋ ግን ቀጥታ ሄደች። ምስጋና ለፈጣሪ፣ የሄደችው ወደ ተራራው በኩል ነበርና ቦዩ ውስጥ ቆመች። ሰው አልተጎዳም። ከመካነ ሰላም 2,600 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ እስከ ዓባይ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሌላው በኩል ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ስለ ሒሳብ አናወራም ነበር።

ይህን የሰሙ በውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት ደጋፊያችን በእነሱ ዘንድ ተሳቢ የሚጎትቱ ሰዎች ከፒካፕ ኋላ የአየር ከረጢት እንደሚያስገጥሙ ጻፉልን፤ ዕቃውንም ገዝተው ላኩ። ኤርባግ ሲባል ግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ የሚወጣው እንዳይመስላችሁ። ይህኛው ከወፍራም ጎማ የተሠራ፣ በመኪናው አካልና በኋላ አክስሉ መካከል፣ በቀኝና በግራ አንድ አንድ የሚቀመጥ ነው። ሾፌራችን «ፊኛው» ይለዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፋየርስቶን የተባለው የአሜሪካ ጎማ ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የሞከረው ሲሆን በ1950ዎቹ ትልልቅ አውቶቡሶች ላይ ገብቷል። አሁንም አንዳንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲቆም «ጭሽሽ» የሚለው አየሩ ነው።

ከዚህ በፊት ብዙዎቻችሁ «ለምን ባሌስትራ አይጨመርም?» ብላችሁ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በየጋራዡ የሚደረገውም እሱ ነው፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ባሌስትራ አንድ ጊዜ ከተጨመረ ጭነት ኖረም አልኖረም መጠንከሩ አይቀርም። ባዶዋን ስትመለስ እንደ ግልገል ፈረስ ትዘላለች፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየዘለለች የምትሄድ ጎማ ደግሞ መሬት አትይዝም። ከኋላ የሚቀመጡት እናቶችም ወገብ አላቸው። ከረጢቱ ግን ሲጫን ይነፋል፣ ሲራገፍ ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት ከረጢቱን መረጥን። ምርጫው ልክ ነበር፤ ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕቅዱን ስናዘጋጅ «ከረጢቱ ስለሚገጠም መኪናዋ በየጉዞው 8 ኩንታል ያለ ችግር ትጭናለች» ብለን ጻፍን። ሃያ ጉዞ፣ 160 ኩንታል። እናንተም አጨበጨባችሁ። ማናችንም ሊብሬውን አላወጣንም፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ሰሌዳም አላነበብንም። ሒሳብ የተማርን ሰዎች የወጪ ጣሪያ ሳናይ በጀት መደብን ማለት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከመኪና ይልቅ አህያ ይቀላል። አህያ ስትጫን ከመጫኛው ሥር ደላድል ይደረጋል። ደላድሉ ጀርባዋን ከመገጠብ ያድናታል፣ ጭነቱን ያስተካክላል። ሁለት ደላድል ብትደርቡላት ግን ሁለት እጥፍ አትሸከምም፤ እግሯ ያው እግር፣ ጉልበቷም ያው ጉልበት ነው። የአየር ከረጢቱ ደላድል ነው። አክስሉ፣ የጎማው ቋት፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሻንሲው ትናንት የነበሩት ናቸው። ፋብሪካው የወሰነው ክብደት ከረጢት ስለተገጠመ በአንድ ኪሎ አይጨምርም። እንዲያውም የከረጢቱና የብረቱ ክብደት ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለእኛዋ መኪና ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የባዶዋ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው 900 ኪሎ ነው። ይህ ለእህሉ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛም መስሎን ነበር። ሰውም በዚሁ ውስጥ ነው። አምስት ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ብንል 300። መፍቻው፣ ትርፍ ጎማው፣ የማሽኗ ነዳጅ፣ ከረጢቱና ብረቱ 60። የማሽኗ ምላስ ማንጠልጠያው ላይ የሚያሳርፈው ደግሞ 90። ሲደመር 450። ለእህል የሚቀረው 450 ኪሎ፣ ማለትም 4 ኩንታል ተኩል ነው። እኛ 8 ብለናል። በየጉዞው 3 ኩንታል ተኩል፣ በሃያ ጉዞ 70 ኩንታል የሌለ አቅም ዕቅድ ውስጥ አስገብተናል። የብሩ ዝርዝር በሚታደለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ።

የምላሱ ነገር ትንሽ እንዲቆይ ፍቀዱልን፤ ከሁሉም ያስደነቀን እሱ ነው። ማሽኗ 700 ኪሎ ትመዝናለች። ደንቡ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነውን ምላሱ ላይ እንዲያሳርፍ ነው፤ ለእኛ ከ70 እስከ 105 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ እንደ እባብ ይጥመዘመዛል። ከበዛ ደግሞ ጎታቹን ከኋላ ይጫናል። ምላሱን በእህል ሚዛናችን ላይ አስቀምጠን ስንመዝን 140 ኪሎ ሆኖ ተገኘ! የነዳጁን ጀሪካንና የብረት ሣጥኑን የምናስቀምጠው ለማውረድ ይመቻል ብለን ፊት ለፊት ነበራ። ወደ ኋላ ስናዛውረው 90 ሆነ። ይህ ሥራ አንድ ሳንቲም አላስወጣም።

140 ኪሎው የሚያስከፍለው ደግሞ 140 ብቻ አይደለም። ማንጠልጠያው ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ከ20 ወደ ኋላ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ግድም ነው። እንደ ሚዛን ምሰሶ አድርጋችሁ አስቡት፤ ኋላውን ስትጫኑት ፊቱ ይነሣል። 140 በ1.20 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 56 ይመጣል። 56 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሣል፣ የኋላ አክስሉ ደግሞ 196 ኪሎ ይሸከማል። ካሳው ላይ፣ ከአክስሉ ኋላ የተጫነው እህልም እንዲሁ ያደርጋል። መሪው የሚያዘው በፊት ጎማ ነው፤ ፍሬኑም አብዛኛውን የሚይዘው በፊት ጎማ ነው። ያን ቀን ኩርባው ላይ መሪው ዞሮ መኪናዋ ያልዞረችው ለዚህ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ከረጢቱ ሲነፋ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፣ መብራቷም መሬት ያያል፣ ያማረች ትመስላለች። ከፊት የተነሣው 56 ኪሎ ግን አይመለስም። ከረጢቱ ኋላውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ክብደቱን ከኋላ አንሥቶ ፊት ላይ አያስቀምጥም። ቁመቷ ተስተካክሎ ሚዛኗ ያልተስተካከለ መኪና ቁጭ ካለችው የከፋች ናት፤ የኋለኛዋ ቢያንስ ታስታውቃለች።

ስለ አገጣጠሙ በአጭሩ። መጀመሪያ የገጠመልን ጋራዥ ስሙ ይቅርና ሁለቱን ከረጢቶች በአንድ ቱቦ አገናኝቶ አንድ መንፊያ አወጣላቸው። ርካሽና ቀላል ነው። ኩርባ ላይ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ስታጋድል የግራው ከረጢት ይጨመቃል፣ አየሩም ወደ ቀኙ ይሸሻል፤ ማጋደሉ ይብሳል። በግማሽ የተሞላ እንስራ ተሸክማ የወጣች ሴት ይህን ታውቀዋለች። ሁለተኛው መካኒክ ለየብቻ ቱቦና ለየብቻ መንፊያ አደረገላቸው። ቱቦው ከማርሚታው እንዲርቅ፣ ከረጢቱ ሲነፋ የፍሬኑን ቱቦና ጎማውን እንዳይነካ አየ። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ ያወጣ ቦታ ያፈሳል። ሻንሲውን አልበሳም፤ በማቀፊያ ብረትና በቡሎን አሰረው። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ።

ስለ ሻንሲው የነገረንን ለደጋፊዎቻችን ማስተላለፍ እንፈልጋለን፣ የላኩልን ዕቃ ጥሩ ነውና በዕቃው እንዳያፍሩ። ባሌስትራ ክብደቱን ለሻንሲው የሚያስረክበው በሁለት ጫፉ ነው፣ አንዱ ከአክስሉ ፊት አንዱ ከኋላ። ከረጢቱ ግን መካከል ላይ፣ በአንድ ቦታ ይገፋል። ልኩን ባለፈ ጭነት፣ ከባድ ምላስ ከኋላ እየጎተተ፣ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ሻንሲው ከዚያ ቦታ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፖችን በከረጢት አንሥተው ከባድ ተሳቢ የሚጎትቱ ሰዎች ይህ እንደደረሰባቸው የታወቀ ነው። የእነሱ መኪኖች የእኛዋ ዓይነት ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ፍሬኑ መጣ። ከረጢቱ ከተገጠመ በኋላ በሁለተኛው ጉዞ ሾፌራችን ተመልሶ «ቁልቁለት ላይ አትይዝም፣ ከፊት ብቻ ነው የምትይዘው፣ ይሸተኛል» አለ። እኛ መጀመሪያ ሰበብ መሰለን፤ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። በእኛዋ መኪና ሥር ከኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናዋ ስትጫን ወገቧ ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይህን ያያል፣ ቫልቩም «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ይቀንሳል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ይህን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ አሉ፤ የእኛዋ ግን የሚያውቀው ቁመት ብቻ ነው። እኛ በከረጢት ቁመቷን መለስንላት። ቫልቩ «ባዶ ናት» ብሎ አመነ። ሙሉ ጭነት ተሸክማ፣ 700 ኪሎ ፍሬን የሌላት ማሽን እየጎተተች፣ በባዶ መኪና የኋላ ፍሬን ወደ ዓባይ ትወርድ ነበር።

ይህን ስንሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባልን። ለመልካም የተላከ ነገር፣ በመልካም ተገጥሞ፣ እናቶቻችንን ገደል ሊከት ነበር።

መካኒኩ ያበጀው እንዲህ ነው። ሙሉ ጭነቷን ይዛ ያለ አየር ስትቆም ኋላዋ ከባዶ ቁመቷ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ትላለች። አየሩ ሲነፋ 4ቱን ብቻ እንዲመልስ አደረገ፣ ከዚያ በላይ ማንሣት ክልክል ነው። በዚያ ቁመት ላይ የኋላ ፍሬኑን ግፊት በመለኪያ አይቶ ዘንጉን አስተካከለ። ከጎማው ላይ ያለው የክንፉ ጠርዝ የት መድረስ እንዳለበት በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ። አሁን ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ማንኛዋም ተሳፋሪ ሜትር ይዛ ልታይ ትችላለች፤ ይህን ለሴቶቹ አስተምረናል።

ለዚህ ቁመት የሚያስፈልገው አየር 30 ፒ.ኤስ.አይ. ግድም ነው፣ በጎሚስታው መለኪያ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 100 ነው፤ «እስከ 100 ይችላል» ብሎ የሚያጓጓችሁ ካለ አትስሙት፣ ስለ ከረጢቱ እንጂ ስለ መኪናዋ አልተጻፈም። ባዶዋን ስትሄድ ወደ 5 ይወርዳል፤ ፈጽሞ ከተነፈሰ ጎማው ታጥፎ ይቀደዳል። ንጋት ላይ ይለካ። የእኛ ደጋ ሌሊት ያስተነፍሰዋል፣ ሁለት ሦስት ፒ.ኤስ.አይ. ወርዶ ማደሩ የመፍሰስ ምልክት አይደለም፣ ብርድ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ የሳሙናው ውሃ ይምጣ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ እንደ ድሮው ነው፤ እሱን የሚተካ ዕቃ እስካሁን አላየንም።

አንዲት እናታችን ይህን ስናስረዳቸው «እንግዲህ ፊኛው ምን ጠቀመን?» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ መልስ ይገባቸዋል። ጠቅሟል። 4 ኩንታል ተኩሉን ይዛ ስትሄድ አታጋድልም፣ ኋላዋ ጉድጓድ ላይ አይመታም፣ መብራቷ መንገድ ያያል፣ ያለፈው ዓመት በየጊዜው ይሰበር የነበረው ባሌስትራ ዘንድሮ አልተሰበረም። ያልጠቀመው እኛ ዕቅድ ላይ የጻፍነውን ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት 70 ኩንታል ይጎድለናል። መንገዱ ሁለት ነው፤ ጉባኤው ይምረጥ።

አንደኛው ማሽኗንና እህሉን መለየት ነው። ማሽኗ ስትጎተት እህል አይጫንም፤ እህሉ ሌላ ቀን ይመጣል። ነዳጅ ይጨምራል፣ የሾፌር አበል ይጨምራል፣ አንዳንድ አባላትም እህላቸው ሦስት አራት ቀን ዐውድማ ላይ ያድራል። የጥበቃውን ነገር መነጋገር ይኖርብናል።

ሁለተኛው እንዳለ 4 ኩንታል ተኩል እየጫኑ መቀጠልና፣ ደጋፊዎቻችን ለሁለተኛ ዙር ሊሰጡን ካሰቡት ገንዘብ ላይ ለማሽኗ የራሷ ፍሬን ያለው አክስል ማስገጠም ነው። ይህ ኩንታሉን አይጨምርም፤ ቁልቁለቱን ግን ይለውጣል። እኛ የሒሳብ ክፍሎች ወደዚህኛው እናደላለን፣ ምንም እንኳ ሪፖርቱ ላይ ገቢው ዝቅ ብሎ ቢታይም። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ሰንጠረዥ ዘንድሮ ከአምናው ያነሰ ቁጥር ይኖረዋል። ምክንያቱን ከሥሩ ጽፈነዋል፤ ከዚህ የተለየ ሰበብ የለንም።

«ስምንት ኩንታል ስንት ጊዜ ጭነን ደህና ገብተን የለም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ትናንት ደጅ ላይ ሰምተናችኋል። መኪናዋ ውጭ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ቆማለች። በካሳዋ ላይ 4 ኩንታል ተኩል ተጭኗል፣ ማሽኗም ታስራለች። በሻይ ሰዓት ሾፌራችን መጀመሪያ እንዳለች ያሳያችኋል፣ ከዚያ 3 ኩንታል ተኩሉን ጨምሮ ያሳያችኋል። ሜትሩ ነጩ ምልክት ላይ ተሰቅሏል። አይታችሁ ስትመለሱ ድምፅ እንሰጣለን።